ከስንደዶ እስከ ቴሌግራም፤ ለትምህርት ሳይሠሩ ወደ ክፍል ስለ ገቡ መሣሪያዎች

የዚህ አጭር ጥናት አሳብ ዛሬ በየኪሳችን የምንይዛቸውን የኢንተርኔት መሣሪያዎች ወደ ክፍል ማስገባት የሚፈልግ አስተማሪ ከታሪክ ምን ሊማር እንደሚችል መመርመር ነው። ርእሱ ለመሐንዲሶች የሚተው እንጂ የታሪክ ተማሪ የሚገባበት አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ሲመረመር ያረጀ ጉዳይ ነው። አስተማሪዎች ለሌላ ሥራ የተሠራውን ዕቃ እየተዋሱ ማስተማር የጀመሩት ኢንተርኔት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ከተዋሱትም ውስጥ አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሲቀር ሌላው ጥቂት ዓመት ተጨብጭቦለት ወደ ዕቃ ቤት ገብቷል። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? ጥያቄዬ ይኸው ነው። ስለ አገራችን የሚነገረውን ዓመት በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን በእነርሱ አቆጣጠር «እ.ኤ.አ.» እያልሁ አቀርባለሁ።

ከቅርባችን እንጀምር። ስንደዶ የስፌት ሣር ነው። እናቶቻችን ሙዳይና መሶብ ሊሰፉበት ይለቅሙታል እንጂ ፊደል ለማስቆጠሪያ ይሁን ብሎ ያዘጋጀው ሰው የለም። ዳሩ ግን በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል የሚቆጥረው በእርሱ እየጠቆመ ነበር። የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ልጁ ስንደዶውን «ሀ» ላይ አድርጎ ይጠራል፤ ከዚያ ወደ «ሁ»፣ ከዚያ ወደ «ሂ» ያሳልፋል። ሲሳሳት ስንደዶው ከዚያ ፊደል ላይ አይነሣም። ይታረማል፣ ይደግማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሻገረው። በዜማ ሸምድዶት እንዳይሆን ሲጠረጠርም ገበታው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲጠራ ይታዘዛል። ይህ አሠራር ብዙ ነቀፋ አለበት፤ ከነቀፋውም ብዙው እውነት ነው። በቃል መያዝ ከማስተዋል ይቀድምበታል፤ አለንጋውም ሩቅ አይደለም። ነገር ግን የትምህርቱን ፍጥነት የሚወስኑት ልጁና አስተማሪው ናቸው እንጂ ሦስተኛ ወገን የለበትም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

በፈረንጅ አገር የጥቁር ሰሌዳ ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰሌዳው በመጀመሪያ ይሠራበት የነበረው ጥቁር ድንጋይ በዚያ አገር የቤት ጣራ የሚከደንበት ነው። በስኮትላንድ በኤዲንበርግ የሮያል ሃይ ስኩል ርእሰ መምህር የነበረው ጄምስ ፒላንስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጂኦግራፊን በጥቁር ሰሌዳና በልዩ ልዩ ቀለም ጠመኔ ያስተምር ነበር። በአሜሪካም ጆርጅ ባሮን የተባለ አስተማሪ በ1801 እ.ኤ.አ. በዌስት ፖይንት ሒሳብን በሰሌዳ እየጻፈ ማስተማሩ ይነገራል። ሰሌዳው እስከ ዛሬ ከክፍል አልወጣም። ምክንያቱ ርካሽነቱ ብቻ አይመስለኝም። አስተማሪው የጻፈውን ሊያጠፋው፣ ተማሪውም ተነሥቶ ሊያርመው ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 እ.ኤ.አ. የፊልም ጥበብ መጻሕፍትን ከትምህርት ቤት በቅርቡ እንደሚያስወጣ ለጋዜጣ ተናግሮ ነበር። መጻሕፍቱ አልወጡም። ከፊልም በኋላ ራዲዮ፣ ከራዲዮ በኋላ ቴሌቪዥን ተመሳሳይ ተስፋ ተሸክመው መጡ። ላሪ ኩባን የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁሉ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መርምሮታል። ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገቡት መሣሪያዎች በአብዛኛው ከላይ የታዘዙ እንደ ነበሩ፣ አስተማሪውም አልፎ አልፎ ብቻ ይጠቀምባቸው እንደ ነበር ያስረዳል። ሰነፍ አስተማሪ ስለ በዛ ነው የሚሉ ነበሩ። ኩባን ግን አስተማሪው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ከክፍሉ ውስጥ ሆኖ ማየት ይገባል ባይ ነው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

የእኛ አገር ምሳሌ ከአሜሪካውም ይልቅ ጉልህ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በራዲዮና በቴሌቪዥን ለትምህርት ቤቶች ሲሰጥ የቆየው ትምህርት ለክፍል አስተማሪው ረዳት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የመጣው ግን ከረዳትነት ያለፈ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ «ፕላዝማ» ብለን የምናውቀው ትልቅ መስኮት ተሰቀለ፤ በደቡብ አፍሪቃ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በእንግሊዝኛ ይሰራጭ ጀመር። አሳቡ ክፉ አልነበረም። የሠለጠነ የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን በአዲስ አበባና በጠረፍ ያለው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት እንዲያገኝ ነበር። የላቦራቶሪ ዕቃ አይቶ የማያውቅ ተማሪም የኬሚስትሪ ሙከራ ሲደረግ በዓይኑ አየ። ይህን ማስተባበል ግፍ ይሆናል።

ጉዳቱ በአሠራሩ ላይ ነበር። የክፍሉ አስተማሪ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መካከሉን የያዘው መስኮቱ ነው። በመስኮቱ የሚታየው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ከዚያ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም «መልካም» ብሎ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ፤ አይመለስም። እኔ ዘጠነኛ ክፍል በነበርሁበት ጊዜ የፊዚክስ አስተማሪያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ፣ መስኮቱ በእንግሊዝኛ የሚለውን በአማርኛ እየተከተለ ያስረዳን ነበር። ጠመኔውን ይዞ ከሥዕሉ ጋር ሲሽቀዳደም አንድ ቀን ወድቆበት ተሰበረ፤ ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው በራሱ ክፍል ውስጥ ትምህርቱን ለአንድ ደቂቃ የማቆም ሥልጣን አልነበረውም። የኔታ የነበራቸውን ስንደዶ ፕላዝማው ወስዶበት ነበር።

እንግዲህ ወደ ኢንተርኔት እንለፍ። ዛሬ አስተማሪዎች የሚጠቀሙባቸው አብዛኞቹ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ለትምህርት ቤት አልተሠሩም። ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ በ1995 እ.ኤ.አ. ማንኛውም አንባቢ ሊያርመው የሚችለውን የመጀመሪያ ገጽ ያዘጋጀው ፕሮግራም ጸሐፊዎች ልምዳቸውን እንዲለዋወጡበት ነበር። ስሙን «ዊኪ ዊኪ» ያለው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚመላለሰው አውቶቡስ ስም ወስዶ ነው፤ ቃሉ በሃዋይ ቋንቋ የእኛን «ቶሎ ቶሎ» ይመስላል። ከእርሱ አሳብ በጥር 2001 እ.ኤ.አ. ውክፔዲያ ተወለደ። ዛሬ «ጉግል ዶክስ» የምንለውም በ2005 እ.ኤ.አ. ሦስት ሰዎች «ራይትሊ» ብለው የጀመሩት የጽሕፈት መሣሪያ ነበር፤ ጉግል በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ገደማ፣ ማለት በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ገዛው። ዩቲዩብ የሰው ሁሉ የቪዲዮ ማሳያ ነው፤ ቴሌግራም በ2013 እ.ኤ.አ. ለመልእክት መለዋወጫ ወጣ። ዙም የቢሮ ሰዎች ስብሰባ ማካሄጃ ነበር፤ በነፃ የሚፈቅደው የ40 ደቂቃ ስብሰባም ከእኛ የክፍለ ጊዜ ርዝመት ጋር መቀራረቡ እንዲያው የዕድል ነገር ነው። እነዚህ ሁሉ እንደ ስንደዶው ከገበያ የተወሰዱ ናቸው።

የዊኪውን ነገር ትንሽ ላስፋፋው፤ ለታሪክ ተማሪ ጥቅሙ ብዙ ስለ ሆነ ነው። ብዙዎች «ማንም የሚጽፍበት ስለ ሆነ አይታመንም» ብለው ይተዉታል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የሆነው ጆን ቢስሊ መሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ያደረገው ግን ሌላ ነው። የላቲን አሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቹን ውክፔዲያን አትመኑ ወይም አትንኩ አላላቸውም፤ ጻፉበት አላቸው። በውክፔዲያ ሚዛን ከፍተኛውን ማዕርግ ያገኘ ጽሑፍ ያቀረቡ ተማሪዎች በትምህርቱም ከፍተኛውን ውጤት እንደሚያገኙ ቃል ገባ። ሦስት ጽሑፎች ለዚያ ማዕርግ በቁ፤ ከእነርሱም አንዱ ስለ ጓቲማላዊው ደራሲ ስለ ሚጌል አንኸል አስቱሪያስ ልብ ወለድ የተጻፈው ነው። ተማሪዎቹ ከውጭ ሰዎች ትችት እየደረሳቸው፣ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» እየተባሉ ምንጭ ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍት መመለስ ነበረባቸው። ምንጭ መጥቀስን በሌክቸር ብቻ ከማስተማር ይህ ሳይሻል አይቀርም። ደግሞም በዊኪውም ሆነ በጉግል ዶክስ እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። አምስት ተማሪዎች በአንድነት ጽፈናል ብለው ሲያቀርቡ አስተማሪው መዝገቡን ከፍቶ ማን ምን እንደ ጻፈ፣ ማን ደግሞ በመጨረሻው ሌሊት አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምሮ እንደ ተኛ ማየት ይችላል። ይህን የሚያውቁ ጓደኞቼ ስለ ጻፍሁት እንዳይቀየሙኝ።

ሳልማን ካን የተባለው አሜሪካዊም ታሪኩ ለጥያቄያችን መልስ ይሰጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. በሌላ ከተማ የምትኖር የአጎቱን ልጅ ሒሳብ ያስጠናት የነበረው በስልክና የያሁ የሥዕል መጫወቻ በነበረ ሰሌዳ ነው። የሚማሩት ዘመዶች ሲበዙበት በ2006 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን ቀርጾ በዩቲዩብ ያወጣላቸው ጀመር። በኋላ ራሱ እንደ ተናገረው ዘመዶቹ በአካል ከሚያስተምረው ካን ይልቅ የዩቲዩቡን ካን ወደዱት። የማይጣፍጥ ወሬ ነው፤ ምክንያቱን ሲጠይቅ ግን ገባው። ቪዲዮውን ያቆሙታል፣ ወደ ኋላ ይመልሱታል፣ ሦስት ጊዜ ቢያዩትም የሚያፍሩት ሰው የለም። ፕላዝማውም ቪዲዮ ነበር፤ የካንም ቪዲዮ ነው። በፕላዝማው ማቆሚያው በሩቅ ባለው ማሰራጫ እጅ ነበር፤ በካን ግን በልጆቹ እጅ ነው።

ይህ ሁሉ ወደ አገራችን ሲመጣ መንገዱ ቀና አልነበረም። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስተማሪው በአማርኛ የጻፈውን ፈተና ለጓደኛው ቢልክ፣ ጓደኛው ያንኑ የፊደል ፕሮግራም ካልጫነ በቀር የሚያየው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው እትም ሲወጣ ነው። ዛሬ ስልኩ ላይ «ሰላም» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ይህን ባለማወቁ አይፈረድበትም፤ በአሮጌ ፊደል የተጻፈ የፈተና ማኅደር ያላቸው አስተማሪዎች ግን ያውቁታል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለሰው ከመላክ በፊት ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ደግሞ መሣሪያው ፈጣን በመሆኑ ብቻ ደግ አይሆንም። በግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች በፌስቡክ ወጥተው በመገኘታቸው ፈተናው ተሰርዞ በሐምሌ እንደገና ተሰጠ፤ በዚያው ወር የማኅበራዊ መገናኛዎች ለጥቂት ቀን ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወላጆችና ርእሳነ መምህራን ስልክን ከኩረጃ ጋር እንጂ ከትምህርት ጋር አያይዘው አያዩትም ነበር።

አስተያየቱን የለወጠው የኮሮና ወረርሽኝ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታወጅ ራዲዮና ቴሌቪዥን እንደገና ተፈለጉ፤ ከእነርሱም ጎን ቴሌግራም ተነሣ። በከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ ግሩፕ ከፍተው ማስታወሻና መልመጃ ይልኩ ጀመር። ቴሌግራም የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተማሪውም ወላጁም አስቀድሞ ይጠቀምበት ስለ ነበር አዲስ ነገር መልመድ አላስፈለገም፤ የተላከውም ፋይል እዚያው ተቀምጦ ይቆያል፤ ዛሬ ዳታ የሌለው ልጅ ነገ ሊያወርደው ይችላል። ትክክለኛ መልስ ያለውን መጠይቅ ማዘጋጀት የሚያስችለው አሠራርም ጥቂት ቀደም ብሎ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ስልክ የሌለው ልጅ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያለው ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ቀረ። ስለ ቴሌግራም ምስጋና የሚጽፍ ሁሉ ይህን አብሮ ሊጽፍ ይገባል።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ፣ ለልምምድ በተመደብሁበት አንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር ያደረግሁትን ላቅርብ፤ ለሚመረቁ ጓደኞቼ ይጠቅም ይሆናል። መጀመሪያ ስሕተቴን ልናገር። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አንድ የጉግል ሰነድ ከፍቼ ሁሉም እንዲጽፉበት ፈቀድሁ። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተደማሰሱ፤ አንዱም የጓደኛውን አንቀጽ በእግር ኳስ ቡድኑ ስም ሞላው። የለውጡን መዝገብ ከፍቼ የቀድሞውን መለስሁት እንጂ የልጆቹ ድካም ጠፍቶ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ለአምስት አምስት ተማሪ አንድ ሰነድ፣ በሰነዱም ውስጥ ለእያንዳንዱ የራሱን ርእስ አደረግሁ፤ ጸጥ አለ። ስልኩም ለአምስት አንድ በቃ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ይናገራሉ፣ በየዐሥር ደቂቃው እጅ ይለዋወጣል። እንዲያውም ሁሉም ስልክ ይዞ ከሚያቀረቅርበት ክፍል ይህ ይሻላል፤ ክርክር አለበት።

ቪዲዮ በክፍል ውስጥ ለማሳየት በኔትወርክ አልታመንም፤ በፊተኛው ማታ አውርጄ በፍላሽ እይዘዋለሁ። ሳሳይም ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አቆመዋለሁ፤ «አሁን የተባለውን ማን ይነግረናል?» እላለሁ። ከጽሑፍ ይልቅ የድምፅ መልእክት ዳታ ለሚያጥረው ገጠር ቀመስ ተማሪ ቢከብድም ለሰሚ ይቀላል፤ ስለዚህ አጭር መሆን አለበት፤ አንድ መልእክት አንድ ጉዳይ ብቻ። በግሩፑ ውስጥ የልጆች ስልክ ቁጥር ለማያውቁት ሰው እንዳይታይ ማድረጊያው በቴሌግራሙ ማስተካከያ ውስጥ አለ፤ ይህን የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ማድረግ ይገባል። የጉግልን ትርጉም በተመለከተ፣ አማርኛ ከየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገብቶበታል፤ ልጆቹ ከእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ አስተርጉመው የተበላሸውን እንዲያርሙ ሰጥቼ ነበር። ካሰብሁት በላይ ተጣሉበት፤ ሁለቱንም ቋንቋ ማንበብ ግድ ሆነባቸው።

ስለ ዓድዋ ባስተማርሁበት ሳምንት ሁለት ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት ወደ ግሩፑ ልኬ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ከኋላ ረድፍ የምትቀመጥ፣ የራሷ ስልክ የሌላት ተማሪ እጇን አወጣች። በክፍል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። መልእክቱን በጎረቤቷ ስልክ እያቆመች ሦስት ጊዜ ሰምታው ነበር። «ጋሼ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ቅዳሜ ነው ብለዋል፤ መጽሐፉ ግን እሑድ ይላል» አለችኝ። መጽሐፉን አስነበብኋት፤ እሑድ ነው። በዕረፍት ሰዓት የትናንቱን መልእክት አጥፍቼ እንደገና ቀረጽሁ፤ ያረመችውም እርሷ መሆኗን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገርሁ።